ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ሌሊቱን በምን ያውቃል?

አንዲት ውሻ ከ63 ቀናት ገደማ እርግዝና በኋላ የምትወልዳቸው ቡችሎች ዓይናቸው የተከደነ፣ ጆሯቸው የተደፈነ፣ የሰውነታቸውን ሙቀት እንኳ በራሳቸው መጠበቅ የማይችሉ ፍጥረቶች ናቸው። እናታቸው ካልላሰቻቸው በቀር መሽናት አይሆንላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከዕድሜያቸው አብዛኛውን ክፍል በእንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ በቀረው ይጠባሉ። ለእነዚህ ፍጥረቶች ቀንና ሌሊት፣ ንጋትና ምሽት ምንም ትርጉም ያላቸው አይመስልም።

ሆኖም በእያንዳንዱ ቡችላ አንጎል መካከል፣ ዋና ሥራዋ ለመላው አካል «አሁን ሌሊት ነው» ብላ ማወጅ የሆነ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። ስሟ ፒኒያል ዕጢ ይባላል። ብርሃንን የሚቀበለው ዓይን ተከድኖ ሳለ ይህች ዕጢ ምን ልትሠራ ትችላለች?

አንድ እንስሳ «ተወለደ» ስንል አካሉ ተሠርቶ አልቋል፣ የቀረው በመጠን ማደግ ብቻ ነው ብለን እናስባለን። የቡችላው ፒኒያል ዕጢ ግን ይህን አስተሳሰብ ትፈታተናለች። ቡችላው ሲወለድ ዕጢዋ በቦታዋ ትገኛለች፤ ነገር ግን ሕዋሳቷ ገና አልበሰሉም። የዕጢዋ ግንባታ ከማኅፀን ውጭ፣ እናቲቱ ሥር በተኛችበት ጥግ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚፈጸም ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወንና እስኪፈጸም ድረስ የቡችላው ሰዓት ማን እንደሆነ እንመለከታለን።

«የነፍስ መቀመጫ» የተባለችው ዕጢ

ፒኒያል ዕጢ የምትገኘው በሁለቱ የአንጎል ክፋዮች መካከል፣ ሦስተኛው የአንጎል ክፍተት በሚባለው ፈሳሽ የሞላበት ጠባብ ጉድጓድ ጣሪያ የኋላ ጫፍ ላይ ነው። በሰው ርዝመቷ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሩዝ ፍሬ ታህላለች፤ በውሻ ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ስሟ የተገኘው ከቅርጿ ነው። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች፣ ከእነርሱም መካከል በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጋለን፣ የፓይን ዛፍ ፍሬ ትመስላለች ብለው ነበር። ለእኛ አገር አንባቢ ግን «የጥድ ፍሬ» ብሎ መተርጎሙ ብዙም አይረዳም፤ የሐበሻ ጥድ ፍሬ ድቡልቡልና ትንሽ ነውና። ስሙ የሚያመለክተው በደን ተከላ ቦታዎች ከምናየው ከፓቱላ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ቅርፊታምና ሾጣጣ ፍሬ ነው።

ዕጢዋ በዓለም ዘንድ ዝናን ያተረፈችው በፈረንሳዊው ፈላስፋ በሬኔ ዴካርት ምክንያት ነው። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1649 ባሳተመው፣ የሰውን ስሜቶች በሚመረምረው መጽሐፉ፣ ነፍስ ሥራዋን በዋናነት የምታከናውነው በዚህች ዕጢ በኩል ነው ሲል ጻፈ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ሌሎቹ የአንጎል ክፍሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሳለ እርሷ ብቻ አንዲት ናት። ይኸው ሰው እንስሳት የሚያስብ ነፍስ የላቸውም፣ እንደ ሰዓት ተገጣጥመው የሚሠሩ መሣሪያዎች ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፈው አንድ ደብዳቤ፣ በላይደን ከተማ የአንዲት ሴት አስከሬን ሲመረመር ዕጢዋን ፈልጎ እንዳጣት፣ አዲስ በታረዱ እንስሳት ውስጥ ግን ያለ ችግር ያገኛት እንደነበር ገልጿል። እንግዲህ ዴካርት የነፍስን መቀመጫ በቀላሉ ያገኝ የነበረው ነፍስ የላቸውም ባላቸው ፍጥረቶች ውስጥ ነው ማለት ነው! ዴንማርካዊው የአካል ጥናት ሊቅ ኒልስ ስቴንሰን እ.ኤ.አ. በ1665 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ዕጢዋ በአካባቢዋ ካሉት የአንጎል ክፍሎች ጋር ተጣብቃ የተያዘች በመሆኗ ዴካርት እንዳሰበው ወዲያና ወዲህ ልትንቀሳቀስ እንደማትችል አስረዳ።

ያም ሆኖ ዴካርት ስለ ሰዓት ያነሳው ምሳሌ ያልታሰበ እውነት ነበረበት። ዕጢዋ በእርግጥ የሰውነት ሰዓት አካል ናት፤ በሰውም፣ በውሻም።

ከእንቁራሪት ቆዳ የተጀመረ ግኝት

የዕጢዋን ሥራ ለማወቅ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው የእንቁራሪት ቆዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ማኮርድና አለን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከከብት ፒኒያል ዕጢ የወሰዱትን ጭማቂ ለእንቁራሪት እጮች ሲሰጧቸው የእጮቹ ቆዳ እየነጣ መሄዱን ተመለከቱ። ይህ ትዝብት ለአርባ ዓመታት ያህል ብዙ ተከታይ ሳያገኝ ቆየ። በኋላ በዬል ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም የነበረው አሮን ለርነር የቆዳ ቀለም የሚጠፋበትን ምክንያት ሲፈልግ ወደዚሁ ነገር ተመለሰ። ከቄራ የተሰበሰቡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የከብት ዕጢዎችን ፈጭቶና አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ንጥረ ነገሩን ለየ፤ ሜላቶኒን የሚለውንም ስም አወጣለት።

ሜላቶኒን የሚሠራው ከምግብ ከምናገኘው ትሪፕቶፋን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ትሪፕቶፋን መጀመሪያ ወደ ሴሮቶኒን ይለወጣል፤ ከዚያም ሁለት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ሠርተውበት ሜላቶኒን ይሆናል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ኢንዛይም ሌሊት ሌሊት ሥራው በእጅጉ ይጨምራል፤ በአይጥ ከቀኑ ይልቅ በአሥሮች እጥፍ ይበልጣል። ስለሆነም በደም ውስጥ የሚገኘው የሜላቶኒን መጠን ሲመሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይወርዳል። ሌሊቱ ሲረዝም ከፍታው ይረዝማል፣ ሌሊቱ ሲያጥር ያጥራል። አካል ይህን በማንበብ የዕለቱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የዓመቱንም ወቅት ማወቅ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ልንል ይገባል። ሜላቶኒን የእንቅልፍ ሆርሞን ነው እየተባለ በየቦታው ይጻፋል። አይጥና ጅብ በሌሊት ይነቃሉ፤ የእነርሱም ሜላቶኒን የሚወጣው በሌሊት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስሙ የጨለማ ሆርሞን ቢባል ይሻላል ብለን እናምናለን።

ታዲያ በአንጎል መካከል ተደብቃ ያለች ዕጢ መምሸቱን እንዴት ታውቃለች? መልእክቱ የሚጀምረው በዓይን ውስጥ ካለው ሬቲና ነው። ከዚያ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ ወደተቀመጡ ጥንድ የነርቭ ሕዋሳት ስብስቦች ይደርሳል። የአካል ዋና ሰዓት የሚገኘው እዚህ ነው። ከዚያ መልእክቱ ቁልቁል ወደ ህብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ በደረት አካባቢ ከህብለ ሰረሰር ይወጣል፤ በአንገት ላይ ወዳለ የነርቭ ቋጠሮ ይወጣል፤ ከቋጠሮው የሚነሱ ነርቮች ደግሞ የደም ሥሮችን ተከትለው ተመልሰው ወደ ራስ ቅል ይገቡና በዕጢዋ ውስጥ ኖርአድሬናሊን ያፈሳሉ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ በቃሊቲ በኩል እንደመዞር ነው! ከአንገት ቋጠሮ የሚመጡት ነርቮች የዕጢዋ ዋና የመልእክት መስመር መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1960 በነጭ አይጥ ላይ በዝርዝር ያሳየው ሆላንዳዊው አሪየንስ ካፐርስ ነው።

ይህን ረጅም መንገድ ማወቃችን ለቡችላው ታሪክ ትልቅ ጥቅም አለው። ዕጢዋ ሥራዋን በአግባቡ እንድትሠራ ሬቲናው፣ ሰዓቱ፣ ህብለ ሰረሰሩ፣ የአንገቱ ቋጠሮና የዕጢዋ የራሷ ሕዋሳት ሁሉም መድረስ አለባቸው። አንዱ ከጎደለ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ግንባታው ሲቀጥል

በጽንስ ውስጥ ፒኒያል ዕጢ የምትጀምረው የአንጎል ክፍተት ጣሪያ ወደ ላይ ተነፍቶ እንደ ትንሽ ከረጢት ሲወጣ ነው። የከረጢቱ ግድግዳ ሕዋሳት እየተከፋፈሉ ይወፍራሉ፤ ውስጡም ቀስ በቀስ ይሞላል። ከመጀመሪያው ክፍተት የሚቀረው ከዕጢዋ ሥር የምትታይ ትንሽ ስርጉድ ብቻ ናት።

በማድሪድ ከተማ ይሠሩ የነበሩ የሕብረ ሕዋስ ተመራማሪዎች፣ ካልቮና ቦያ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 አካባቢ የውሻን ፒኒያል ዕጢ በተከታታይ ጥናቶች መርምረዋል። ዘዴያቸው ልዩ ልዩ ዕድሜ ካላቸው ቡችሎችና ከአዋቂ ውሾች የተወሰዱ ዕጢዎችን እጅግ ስስ አድርጎ መቁረጥ፣ ማቅለምና በብርሃንም በኤሌክትሮንም ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የዚህ ዘዴ ውጤት እንደ ተከታታይ ፎቶግራፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድን ቀን መልክ ያሳያል፣ ፎቶግራፎቹ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ግን ዕድገቱ እንደ ፊልም ይታያል።

አዲስ በተወለደ ቡችላ ዕጢዋ ያልበሰለች ናት። በውስጧ ያሉት ሕዋሳት ወደፊት የሚኖራቸውን መልክ ገና አልያዙም፤ በመካከላቸውም በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት ይታያሉ። ሳምንታት ሲያልፉ ሕዋሳቱ ዓይነታቸውን ይለያሉ። አብዛኞቹ ፒኒያሎሳይት ይሆናሉ፤ እነዚህ ሜላቶኒንን የሚሠሩት ናቸው። የበሰለ ፒኒያሎሳይት ከአካሉ ቀጫጭን ክንዶችን ያወጣል፤ የክንዶቹም ጫፎች ብዙ ጊዜ በደም ሥሮች አካባቢ ያርፋሉ። ዕጢዋ ደምን ከአንጎል ከሚለየው ግድብ ውጭ በመሆኗ የተሠራው ሆርሞን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ሁለተኛዎቹ አስትሮሳይት የሚባሉ ደጋፊ ሕዋሳት ሲሆኑ በፒኒያሎሳይቶች መካከል እንደ ማገር ሆነው ያገለግላሉ።

አንድ አካል ሊያድግ የሚችለው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ የሕዋሳቱ ቁጥር ይጨምራል፣ ወይ እያንዳንዱ ሕዋስ ይገዝፋል። በአይጥ ዕጢ ሁለቱ መንገዶች በተራ ነው የሚመጡት። ከልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሕዋሳት ይከፋፈላሉ፤ ክፍፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዕጢዋ በዋናነት የምታድገው ሕዋሳቷ እየገዘፉ ስለሚሄዱ ነው። መጀመሪያ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ቀጥሎ ሠራተኛው ይሠለጥናል እንደማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቡችላው በውጭ የሚታዩ ለውጦችንም እያሳየ ነው። ዓይኑን የሚገልጠው ከተወለደ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ነው፤ ጆሮው ከዚያ ጥቂት ቀናት ዘግይቶ ይከፈታል። ዓይኑ ከተገለጠ በኋላም ሬቲናው ወዲያው እንደ አዋቂ ውሻ አያይም፤ ለብርሃን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ ሙሉ እስኪሆን ሌሎች በርካታ ሳምንታት ያልፋሉ። ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ስለ ውሾች ባሕርይ በሚናገር ሰፊ መጽሐፍ የቡችላን ልጅነት በወቅቶች ከፍለውት ነበር፤ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ያለው የጨቅላነት፣ ሦስተኛው ሳምንት የሽግግር፣ ከዚያ በኋላ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ከሌሎች ጋር የመላመጃ ወቅት ነው። የፒኒያል ዕጢ ግንባታ በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ የሚካሄድ ነው።

ሽቦው የሚዘረጋበት ጊዜ

በሕብረ ሕዋስ ቁራጭ ላይ የሕዋስ መልክ ይታያል እንጂ ሆርሞኑ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አይታይም። ይህን ለማወቅ በየሰዓቱ መለካት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ተመራማሪዎች የመረጡት አይጥን ነው። የአይጥ ግልገልም እንደ ቡችላ ዓይኑ ተከድኖ ይወለዳል፤ የሚገልጠውም በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ለንጽጽር ይመቻል።

በአይጥ ግልገል ከአንገት ቋጠሮ የሚነሱት ነርቮች ወደ ዕጢዋ የሚደርሱት በልደት አካባቢ ባሉ ቀናት ነው። ሜላቶኒን የሚሠራው ኢንዛይም በቀንና በሌሊት መካከል ልዩነት ማሳየት የሚጀምረው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ አዋቂው መጠን ይጠጋል። እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር እናያለን። ኢንዛይሙ ቀንን ከሌሊት መለየት የጀመረው ዓይን ከመገለጡ በፊት ነው!

የተከደነ ዓይን ምን ያያል?

ለዚህ እንቆቅልሽ የተገኘው መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የዓይን ሽፋን ግድግዳ አለመሆኑ ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ፊታችንን ወደ ፀሐይ ብናዞር ቀይ ብርሃን እንደሚታየን ሁሉ በስስ ሽፋን ውስጥም ብርሃን ያልፋል።

ሁለተኛውና ጥልቁ ግን ከሬቲና ይመጣል። ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤት የተማርነው በዓይን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበሉት ዘንግ መሰልና ሾጣጣ የሚባሉት ሕዋሳት ብቻ ናቸው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሜላኖፕሲን የተባለ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ተገኘ። የተገኘውም፣ ነገሩ አጋጣሚ ሆኖ፣ በእንቁራሪት ቆዳ ቀለም ሕዋሳት ውስጥ ነው። ሜላቶኒንንም ሜላኖፕሲንንም ያስተዋወቀን ያው የእንቁራሪት ቆዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ይህን ፕሮቲን የያዙ ጥቂት የሬቲና ሕዋሳት ያለ ዘንግ መሰሎቹና ያለ ሾጣጣዎቹ እርዳታ ራሳቸው ብርሃንን እንደሚቀበሉና መልእክቱን ለአካሉ ዋና ሰዓት እንደሚልኩ ታወቀ። እነዚህ ሕዋሳት ምስል አይሠሩም፤ ሥራቸው ብርሃን አለ ወይስ የለም የሚለውን መመስከር ነው።

በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህ ሕዋሳት ለብርሃን ምላሽ የሚሰጡት ገና ከልደት ቀን ጀምሮ ሲሆን ዘንግ መሰሎቹና ሾጣጣዎቹ የሚከተሉት ከቀናት በኋላ ነው። ዓይናቸው የተከደነ የአይጥ ግልገሎች ደማቅ ብርሃን ሲበራባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እንግዲህ ዓይን ማየት ከመቻሉ በፊት ቀንና ሌሊትን መለየት ይጀምራል ማለት ነው። ለወትሮው ማየትን ዋና፣ ሰዓትን ማወቅን ተጨማሪ ሥራ አድርገን የምንወስድ ሰዎች የነገሩን ቅደም ተከተል ገልብጠን ማየት ሳይኖርብን አይቀርም።

እናት እንደ ሰዓት

ዕጢዋ ሳትደርስ ግልገሉ ከሌሊትና ከቀን ዑደት ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ አይኖርም። ሜላቶኒን ትንሽና ስብ የሚያሟሟው ሞለኪውል በመሆኑ እንግዴ ልጅን በቀላሉ ያልፋል። የእናት ዕጢ ሌሊት የምታፈሰው ሆርሞን ወደ ጽንሱ ደም ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ጽንሱ የሚያውቀው ሌሊት የእናቱን ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ሥራ በአይጥ ጽንስ አንጎል ውስጥ ያለው ዋና ሰዓት ከልደት በፊት መሥራት እንደሚጀምርና ከእናቱ ሰዓት ጋር እኩል እንደሚሄድ አሳይቷል።

ይህ መልእክት እንዲሁ የሚባክን አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር የሳይቤሪያ ሃምስተር የተባለች ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ ናት። በሳይቤሪያ ምድር በጸደይ የተወለደ ግልገል ቶሎ ጎልምሶ በዚያው ዓመት መራባት ይችላል፤ በበጋው መጨረሻ የተወለደው ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ቢታገሥ ይሻለዋል። ችግሩ በጸደይም ሆነ በበጋው መጨረሻ የአንድ ቀን ርዝመት ተመሳሳይ ሊሆን መቻሉ ነው፤ አንዱ ወደ መርዘም፣ ሌላው ወደ ማጠር ይሄዳል። ግልገሉ የትኛው ላይ እንዳለ የሚያውቀው የራሱን ቀን ርዝመት እናቱ በእርግዝና ጊዜ ካየችው ቀን ርዝመት ጋር በማነጻጸር ነው። የእናቲቱ ፒኒያል ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣች ግልገሉ ይህን መረጃ ያጣል፤ ለእናቲቱ ሜላቶኒን ሲሰጣት ደግሞ መረጃው ይመለሳል።

ከልደት በኋላም ግንኙነቱ አይቋረጥም። በሰውና በላም ወተት ውስጥ ሜላቶኒን ይገኛል፤ ሌሊት የታለበው ወተት ቀን ከታለበው ይልቅ ብዙ ይይዛል። ከዚህም ሌላ እናት በየሰዓቱ ስትተኛና ስትነሣ፣ ስታጠባና ስትሄድ፣ የሰውነቷ ሙቀት ሲቀርብና ሲርቅ ለግልገሉ ሌላ ዓይነት የሰዓት ደወል ይሆናል።

አዲስ የተወለደ አይጥ ለዚህ መልእክት የተለየ ጆሮ ያለው ይመስላል። ከአንጎል በታች በምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ የሜላቶኒን ተቀባዮች በጨቅላነት ብዙ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ሜላቶኒን የመራቢያ አካላትን የሚያነቃቃው ሆርሞን እንዳይወጣ ይገታል። ግልገሉ ሲያድግ ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ፣ ግታቱም ይዳከማል። የሚገርመው የጊዜው ነገር ነው፤ ግልገሉ ለሜላቶኒን ከፍተኛ ትኩረት የሚሰጠው የራሱ ዕጢ ገና ብዙ በማትሠራበት፣ ሆርሞኑን በዋናነት ከእናቱ በሚያገኝበት ወቅት ነው።

የጥንት ዓይን ቅሪት

ወደ ውሻዋ ዕጢ ስንመለስ የማድሪድ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ያጠኑት አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። በአዋቂ ውሻ ፒኒያል ዕጢ ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም የተሸከሙ ሕዋሳት ይገኛሉ። ብርሃን በማይደርስበት በአንጎል መካከል ጥቁር ቀለም ምን ይሠራል? ቀለም የያዘ የሕዋስ ንጣፍ በቅርቡ የምናውቀው በዓይን ውስጥ፣ ከሬቲና በስተ ኋላ ነው።

መልሱ የሚገኘው ከዘመናት በፊት ነው። በዓሣዎች፣ በእንቁራሪቶችና በወፎች ፒኒያል አካል ብርሃንን በቀጥታ ይቀበላል። በኒውዚላንድ የሚኖረው ቱዋታራ የተባለ ተሳቢ እንስሳ ደግሞ በራስ ቅሉ አናት ላይ፣ ከፒኒያል አካል ጋር የሚዛመድ፣ ሌንስና ሬቲና ያለው ሦስተኛ ዓይን አለው። አጥቢዎች ይህን በቀጥታ ብርሃን የመቀበል ችሎታ አጥተዋል፤ የዘር ግንዱ ምልክት ግን አልጠፋም። የአጥቢዎች ፒኒያሎሳይት በሬቲና ውስጥ ብርሃን በመቀበል ሥራ ላይ የሚገኙ አንዳንድ ፕሮቲኖችን ዛሬም ይሠራል። ዕጢዋንና ሬቲናን የሚገነቡትም በከፊል አንድ ዓይነት ጂኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ኦቲኤክስ ሁለት የተባለውን ጂን ከአይጥ ጽንስ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሲያስወግዱ ሬቲናው ብርሃን ተቀባዮቹን አጣ፤ ፒኒያል ዕጢዋም ሳትሠራ ቀረች። በመጽሔቶች ላይ «ሦስተኛው ዓይን» እየተባለ በምሥጢር ተሸፍኖ የሚቀርበው ወሬ ምሥጢሩን ብናራግፈው ሥሩ ይህ ነው።

ከተኩላ እስከ ቀይ ቀበሮ

በውሻ ሕይወት የዚህች ዕጢ ፋይዳ ምንድን ነው? የውሻ ቅድመ አያት የሆነው ተኩላ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በክረምቱ መገባደጃ ይጠቃል፤ ግልገሎቹም በጸደይ ይወለዳሉ። ለማዳዋ ውሻ ግን ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ይህን የወቅት ሥርዓት በአብዛኛው ጥላለች፤ በአማካይ በየሰባት ወሩ ገደማ፣ በየትኛውም ወቅት ለመጠቃት ትደርሳለች። ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣው ባሰንጂ የተባለው የውሻ ዘር ከዚህ ልማድ ይለያል፤ እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚወልደው።

በእኛ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮም እንደ ተኩላ በዓመት አንድ ጊዜ ይወልዳል። በባሌ ተራሮች ግልገሎቹ የሚወለዱት ከዝናቡ ወራት በኋላ፣ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ባለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ነገሩን ልዩ ያደርገዋል። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከ18 ሰዓት በላይ፣ አጭሩ ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው አዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። የእኛ አገር ወቅት የሚለካው ከቀን ርዝመት ይልቅ በዝናብ መሆኑን ገበሬዎቻችን ሁሉ ያውቁታል።

የቀይ ቀበሮ ግልገሎች እንደ ውሻ ቡችላ ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ ጥርስ ሳይኖራቸው፣ ጥቁር ግራጫ ጠጉር ለብሰው በጉድጓድ ውስጥ ይወለዳሉ። ከጉድጓዱ ብቅ የሚሉት በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ በቀሩበት በዚህ ዝርያ የእያንዳንዱ ግልገል የጉድጓድ ሳምንታት በቁጥር የሚገቡ ናቸው።

የሰው ልጅም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። ሕጻን ዓይኑን ገልጦ ቢወለድም የሜላቶኒኑ የቀንና የሌሊት ዑደት ተለይቶ የሚታየው ከ9 እስከ 12 ሳምንታት ገደማ ካለፉ በኋላ ነው። የወላጆች እንቅልፍ አጥቶ ማደር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕጻን ደግሞ የእናቱን ሌሊት አስቀድሞ ያጣል፤ ሌሊትና ቀን መብራት በማይጠፋበት ክፍል ከተኛ በምትኩ የሚያገኘው ሌሊት የለም። በዚህ ምክንያት በተለያዩ አገሮች በሚገኙ የጨቅላ ሕጻናት ማቆያ ክፍሎች ሌሊት መብራት የማደብዘዝ ልማድ እየተስፋፋ መጥቷል።

እናታቸው የሞተችባቸውን ቡችሎች በጡጦ ለሚያሳድጉ ሰዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ቡችሎቹ ሙቀት ያስፈልጋቸዋልና ብዙ ሰው በሳጥናቸው ላይ አምፖል አንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ሙቀቱ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በሞቀ ውኃ በተሞላና በጨርቅ በተጠቀለለ ጠርሙስ ሊሰጥ ይችላል፤ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ መለወጥ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ሳጥኑ ሲመሽ ሊጨልም፣ ሲነጋ ሊበራ ይችላል።